የሳሌም መስኮት

ገበየው ሶዶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ፊቷ ሱቅ፣ ጀርባዋ ጓዳ የሆነች ቤት አለችው፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከልጁ ከሳሌም ጋር ይኖርባታል። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ይተኩሳል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በረንዳውን ስለሚቀማው፣ ካውያው ከነፍሙ ወደ ውስጥ ይገባል። ጢሱ ጓዳ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ሳሌም ደግሞ አስም አለባት።

ሐኪሟ ቆጣ ብላ፣ "መድኃኒት ብቻውን ምን ያደርጋል? ጓዳው መስኮት ያስፈልገዋል" አለችው።

መስኮት የሚወጣለት ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ጎረቤቱ ወደ እሸቴ ግቢ ይዞራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ነውና ሄዶ ጠየቀው። እሸቴ ሳቀ።

"አየሩ የኔ ነው እንዴ? ክፈት እንጂ!"

እንዲያውም መዶሻ ይዞ መጥቶ ጭቃውን በገዛ እጁ አፈረሰው። ሳሌም ያን ሰሞን እስኪነጋ ሳትነቃ ተኛች። ገበየው ውል ማጻፍ ትዝም አላለው። መዶሻ ይዞ የመጣን ሰው ፈርምልኝ ማለት ነውር አይደል?

ሰኔ ላይ እሸቴ የሚያከራየው ሱቅ ሊሠራ ብሎኬት አስመጣ። ገበየው መቼም የዋህ ነው፤ ክፍተት የሚተውለት መስሎት አብሮ አራገፈ። ጨርቅ ሊገዛ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ ግንቡ መስኮቱን ደፍኖታል፤ እጅ እንኳ አያስገባም።

"ቦታው ጠበበኝ፣ ምን ላድርግ ገበ?" አለ እሸቴ መሬት መሬት እያየ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ገበየው በንዴት ነደደ፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ብሎኬቱን መሸከሙ ነው።

ሳሌምን ክረምቱን ሙሉ ሳል አጣደፋት። ነሐሴ ላይ አባቷ አረካ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ አደረሳት።

ጊፋታ ደረሰ። ወላይታ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት አይሻገርምና ሽማግሌዎች እሸቴን ይዘው መጡ። እሸቴ እግሩ ላይ ወደቀ።

"ይቅር ብያለሁ" አለ ገበየው። ከልቡ ነበር፤ ግን አልቀለለውም። "ግንቡስ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "እሱማ አንዴ ቆሟል። ዋናው ፍቅር ነው፣ ልጄ።"

በበዓሉ ዕለት እሸቴ ሥጋ ይዞ ብቅ አለ፤ ዞር ዞር ብሎ ቤቱን አየ።

"ሳሌምስ? ልጅ ሁሉ ቤቱ በሚሰበሰብበት ቀን!"

ለካ መሄዷን እንኳ አላወቀም። ገበየው ጓዳ አስገባውና የመስኮቱን መዝጊያ ከፈተለት። ብሎኬቱ ፊታቸው ተገተረ።

"እዚህ መተንፈስ አቅቷት አረካ ናት" አለው። "መስኮቱንማ አንተው ነበርክ የከፈትክላት።"