ጋሼ ጌታነህ እና የአባቶች ማረፊያ

ለሸዋ ሮቢትና ለቀወት ወንዶች በሙሉ፦ ከባድ ዜና ስላለ ኮፍያችሁን አውልቃችሁ ቁሙ። ልጅ አዝለው ገበያ የሚወጡት ብቸኛው ወንድ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ከእንግዲህ የሚያሳፍራችሁ ሰው የለም። እንኳን ደስ አላችሁ።

ስትደውሉልኝ ለዋላችሁ፦ አይ፣ የኔ ቀልድ አይደለም። በውሸት ወሬ ስንቱን እንዳስሮጥኩ ስለምታውቁ አልፈርድባችሁም። እኔም መናኸሪያ በር ባጃጄ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማ ሳቅሁ። የነገረኝን ልጅ «አዋሻሸትህ አላማረም፣ ድገመው» አልኩት።

አልደገመውም። ወባ ነው አለኝ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሼ ጌታነህ ከጤና ጣቢያው ዝቅ ብሎ ማሾ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ናቸው ነው የምለው፣ አፌ ገና አልለመደም።

ሚስታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን ስታምጥ እሳቸው ከወንዶቹ ጋር አጥር ውጭ ቆመው ነበር። ወግ ነዋ። ስማቸውን ስትጠራ ሰሟት። ሊገቡ ሲሉ ሽማግሌዎቹ ክንዳቸውን ይዘው «ወንድ እዚያ ምን ይሠራል» አሏቸው። ሲለቋቸው መጥራቷን አቁማ ነበር።

ያለ እናት የቀረችውን ልጅ በአንቀልባ አዝለው አሳደጓት። አድጋ ስትዳርም አንቀልባውን አልጣሉትም፤ የሰፈሩን አራሶች ልጅ ማዘል ቀጠሉ። ከተማው «እትዬ ጌታነህ» አላቸው። እኔማ ባጃጄን አቁሜ «እትዬ፣ ዘንቢልዎን ልያዝልዎት?» ነበር የምላቸው።

«ጀርባ ወንድ ሴት የለውም» ይሉኛል ሳይቆጡ። «ያንተን ግን ወንበር ጨርሶታል።»

በኋላ ጤና ጣቢያውን ለምነው የአባቶች ትምህርት አስጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን ባሎቹ ማሾ አረም ላይ ነን ብለው ሚስቶቻቸውን ወከሉ። የአባቶች ስብሰባ ላይ፣ በዚያ በቆላ ፀሐይ፣ አራሶች ልጅ አቅፈው ተደረደሩ። እኔ ሳቄን መቻል አቃተኝ።

ጋሼ አልሳቁም። ገንፎ ራሳቸው አገንፍተው ሴቶቹን አበሉና «ባጃጅህን አምጣ» አሉኝ። እናቶቹን ከነልጆቻቸው እያመላለስን ማሳው ዳር አወረድን። ጋሼ ሕፃናቱን እየተቀበሉ በየአባቱ እጅ ላይ አስቀመጡ። ትምህርቱ ወዲህ ተዛውሯል አሉ፣ በቃ። ወዳጄ ሰይድ የገዛ ልጁን እንደ ጋለ ድስት ከደረቱ አርቆ ይዞ ቀረ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ቀድሞ የተገኘው እሱ ነው።

እነሰይድ ናቸው እንግዲህ እንጨት የቆረጡት፣ ጭቃ የረገጡት። ጤና ጣቢያው ግቢ አንዲት ክፍል ቆመች፤ መውለጃዋ የደረሰ ሴት ባሏ አጠገቧ ሆኖ እንድትጠብቅባት። የአባቶች ማረፊያ አሏት። ለምርቃቷ አለቆች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ጋሼም ሞዴል አባወራ ተብለው ፎቶ ተነሱ።

በሳምንቱ የቀበሌው ወንበርና ድንኳን ገባባት። ለጊዜው ነው ተባለ። ቁልፉም ቀበሌ ሄደ።

ጋሼ ለመኑ። ሲመላለሱ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ በሰው ፊት፣ ከአንድ ለአምስት ስብሰባ የአራስ ነገር ይበልጣል ወይ ብሎ አሾፈባቸው።

«አንተም ልጄ፣ በስብሰባ አልተወለድክም» አሉት።

ሰው ሳቀ። ቁልፉ ግን አልተመለሰም። ባሎቹ እንደ ድሯቸው አጥር ውጭ መቆም ጀመሩ፤ ጋሼም አብረዋቸው እየሄዱ ይቆሙ ነበር።

ዛሬ ለለቅሷቸው ድንኳን ተፈለገ። ሊቀመንበሩ ራሱ ቁልፉን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። ድንኳኑ ወጣ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ዕቃ ከገባባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሏ ባዶ ሆነች። ሰውዬው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ «አርአያነታቸው» ሲናገር አለቀሰ። ስትስቁባቸው የኖራችሁም እዚያው ወንበር ላይ ነበራችሁ፤ አይቻችኋለሁ።

የሰይድ ሚስት ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ሰይድ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አልገባም፤ የክፍሏ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። «ወላሂ፣ ወንበሩን ሲመልሱ እኔ ላይ ይደርድሩት» አለኝ። አጠገቡ ቦታ አለ። የምትመጡ ኑ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። እዚያ ስትጠራዎት ክንድዎን የሚይዝ ሰው የለም፤ ቀጥ ብለው ይግቡ።

እኛ ጋ ምንም አልተለወጠም፤ አገር አልፈረሰም፣ ማሾውም ይታረማል። ነገሩስ ቢያስቡት ይህን ያህል ትልቅ ነበር እንዴ? አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ወንበር ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብን።