መጻሕፍቱ ቡና ለቀማ የወጡ ጊዜ

ሰው ከሰው መሃል ተቀምጦ ሰው ይርበዋል ቢሉት ማን ያምናል? ሽብሬን ግን ይርባት ነበር። ሁሩሙ ከተማ ዳር ባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን የያዘችው ባሏ በሕይወት ሳለ ነው። እሱ ካረፈ፣ አንዲት ልጇም ትዳር ይዛ ጋምቤላ ከገባች ወዲህ ከአፏ የሚወጣው ቃል "ዝም በሉ" ብቻ እስኪመስላት ደረሰ። እሱም ቢሆን የሚባለው ልጅ ሲገኝ ነው። መምህር የቀረ ዕለት ክፍሉ በሙሉ እየተነዳ ይመጣል፤ ደወል ሲደወል ጥርግ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሜዳው ላይ ሲንጫጩ በመስኮት ትሰማለች እንጂ ወደሷ ዝር የሚል የለም።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩን አቶ ደበሳን፣ "ከልጆቹ መሃል አማካሪዎች ልምረጥ። ቤቱ ምን እንደጎደለው እነሱ ይንገሩኝ" አለቻቸው።

"ልጅ ሊመክርሽ?" ብለው ሳቁ። "ይሁን፣ ሞክሪው። ብቻ ርዕሰ መምህሩ ይቀየር ብለው እንዳይመክሩሽ።"

ከስድስተኛ ክፍል ገለኔ፣ ከአምስተኛ ሀያት፣ ከአራተኛ ቴዎ ተመረጡ። የመጀመሪያው ዕለት ሽብሬ ወንበሮቹን ክብ አድርጋ፣ ቆሎ በሳህን አቅርባ ጠበቀቻቸው። በሐሳቧ የወግ ጊዜ ነበር። ልጆቹ ግን ስብሰባ የሚያውቁት ከቀበሌ ነው። ቴዎ ገና ሳይቀመጥ እጁን አወጣ።

"እትዬ፣ ሰብሳቢ ሳይመረጥ ቆሎ አይበላም።"

"ማን አለ?" አለች ሀያት፣ እፍኟን ሞልታ።

"አባቴ! መጀመሪያ ሰብሳቢ፣ ከዚያ አጀንዳ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ።"

"ቆሎውስ መቼ ነው?"

"ቀበሌ ቆሎ የለም።"

ሽብሬ ሳቀች። ሳቋ ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆኖባት ደነገጠች። ገለኔ ሰብሳቢ ሆና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ እያደረገች፣ "ሥነ ሥርዓት!" ማለት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ይመጡ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው "ዝም በሉ" ይውረድ አሉ፤ ወረደ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፉት ተረቶች ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታች ይምጡ፣ ትንንሾቹ አይደርሱባቸውም አሉ፤ መጡ። ሌሎች ልጆችም ቀስ በቀስ እየሾለኩ መግባት ጀመሩ። ሽብሬ መጻሕፍቱ መነበባቸው ደስ ቢላትም፣ ትልቁ ደስታዋ ግን የልጆቹ ትከሻ ትከሻዋን መንካቱ ነበር። ይህ ለማን ይነገራል? ረቡዕን እንደ ዓመት በዓል ትጠብቀው ጀመር።

ጥቅምት ሲያልቅ ቡናው ቀላ። የእኛን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቡና ሲደርስ ትምህርት ቤት ይሳሳል። በዚያ ረቡዕ ገለኔ ጠረጴዛውን መታ አደረገች።

"የዛሬው አጀንዳ አንድ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ለቀማ ነን፤ ሌሎቹም ልጆች እንደዚያው። መጻሕፍቱ አብረውን ይውጡ።"

"ወዴት?"

"ወደየቤታችን። የተሰጣ ቡና ስንጠብቅ ሥራችን ዶሮ እሽ፣ ፍየል ሂጅ ማለት ብቻ ነው። እግረ መንገዳችንን እናነባለን።"

የሽብሬ ፊት ተለወጠ። "ንብረቱ የገባው በእኔ ፊርማ ነው። ዝናብ ቢመታውስ? ቢጠፋስ? እዚሁ እየመጣችሁ አንብቡ። ቅዳሜ እከፍታለሁ፤ እሑድም እከፍታለሁ።"

"እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ" አለ ቴዎ።

ሀያት ግን አንገቷን ቀና አደረገች። "እትዬ፣ ምከሩኝ ብለው አይደል የጠሩን? መከርንዎት።"

ሽብሬ የመጻሕፍቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። ያስፈራት ዝናቡ እንዳልሆነ ታውቀዋለች። መጻሕፍቱ እዚህ ከቀሩ፣ ከለቀማ ሾልኮ የሚመጣ አንድ ሁለት ልጅ አይጠፋም። ከወጡ ግን ማን ምን ሊያደርግ ይመጣል? ቁልፉን ጨብጣ ተነሣችና የሽቦ በር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተችው።

"ለታናናሾቻችሁም የሚሆን ምረጡ" አለች።

በማግስቱ ወሬው ተሰምቶ ልጅ ሁሉ ተሰለፈ፤ ያን ቀን ቤቱ ገበያ መሰለ። ሰኞ ጸጥ አለ። አቶ ደበሳ በበሩ ብቅ አሉ።

"ልጆቹ የታሉ?"

"ለቀማ ላይ።"

"መጻሕፍቱስ?"

"እነሱም ለቀማ ላይ ናቸው።"

"በደንብ ነው የመከሩሽ!" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ረቡዕ ሲደርስ ሽብሬ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት። ቤቱን ዘግታ በእግር መንገዱ ወደ ገለኔ ሰፈር ወረደች። ከአጥሩ ውጭ ሆና አየቻቸው። ገለኔ ቡና ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ተረት ታነባለች፤ የጅቡ ተራ ሲደርስ ድምጿን ታጎረንናለች። ታናናሾቿና የጎረቤት ልጆች እጃቸው ቡናውን ያገላብጣል፣ አፋቸው ተከፍቷል። አዋቂዎቹ ማሳ ስለሆኑ ግቡ የሚል አልነበረም።

ገለኔ ቀና ስትል አየቻትና መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"እትዬ! የመመለሻው ቀን ገና አይደለም እንዴ? አልጨረስንም እኮ! ደግሞ አልቆሸሸም፣ ይዩት!"

"ገና ነው፣ ገና ነው" አለች ሽብሬ። "እኔ እንኳ መንገዴ ሆኖ ነው።"

መንገዷ አልነበረም፤ ቤቷ በከተማው በሌላኛው ጫፍ ነው። ልጅቱ እፎይ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፤ "የት ደርሰን ነበር?" ስትላቸው ሁሉም ባንድ አፍ ጮኹ። ሽብሬ ጅቡ የመጨረሻ ምን እንደገጠመው እስክትሰማ ቆመች። ከዚያ ሳይሰሟት ቀስ ብላ ዳገቱን ወጣች።