አባቴ የከሳ ሰሞን

አባቴ ቆቦ ገበያው ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው አይነሳም። ወፍራም ነበር፤ ሲተነፍስ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። በደርግ ጊዜ፣ ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ ወዲህ፣ ውፍረት እንደ ሹመት ይታይ ነበር። አይቶት "ማሻአላህ" ሳይል የሚያልፍ የለም፤ እናቴም ሙገሳው ለእሷም መሆኑን ታውቃለች።

አንድ ቀን ራሱን አዞረውና ክሊኒክ ሄደ። ድሬሰሩ ክንዱን አስሮ ለካና "የደም ግፊትዎ አያምርም። ይህን ውፍረት ካልቀነሱ አንድ ቀን ድንገት ይጥልዎታል" አለው። አባቴ ፈራ። ቅቤና ጨው ተወ፤ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ከወራት በኋላ ትንፋሹ ተመለሰለት። የሰፉትን የገዛ ሱሪዎቹን እያንጎራጎረ በልኩ ሲያጠብ አይቼ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወተት እየያዘ "አላህ ያሽርህ" ሊል ደጃችንን ሞላው። "ኧረ እኔ ድኛለሁ!" ይላል አባቴ፤ ማን ሰምቶት! ሰዉ በድርቁ ጊዜ ክሳትን አይቷል፤ ከክሳት ቀጥሎ የሚመጣውንም ቀብሯል።

በመጨረሻ ታላቅ እህቱ ከሮቢት በቅል ቅቤ አንጠልጥላ መጣች። ገና ስታየው እሪ አለች። ወደ እናቴ ዞራ "አንቺ! ወንድሜን እንዲህ ታደርቂው? ሰው ምን ይለናል?" አለቻት።

"ሐኪም አዞት ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ሐኪሙ ነው የሚቀብረው? የምንቀብረው እኛ!"

እናቴ ሐሜት ትፈራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንፎው በቅቤ ራሰ። "ስለ እኔ ብለህ" ትለዋለች፤ ስለ እሷ ብሎ ይበላል። የጠዋት መንገዱንም ተወው። ያጠበባቸውን ሱሪዎች መልሶ ሲያሰፋ አላንጎራጎረም። በጣም ተናደድኩ፤ ግን ማንን ልቆጣ? ሁሉም የሚወዱት ናቸው።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ቀትር ላይ ከወንበሩ ወደቀ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ በሳምንቱ ሞተ።

ለቅሶው ላይ እናቴ አላለቀሰችም፤ መሬት መሬቱን እያየች ተቀምጣ ነበር። አክስቴ ድምጿ በልቅሶ ሻክሮ መጣችና አቀፈቻት።

"አይዞሽ" አለቻት፤ "ከእንግዲህ ማንም አያማሽም። አልሐምዱሊላህ፣ ሳይከሳ፣ ሙሉ ገላውን እንደያዘ ነው ያስረከብሽን።"

እናቴ ያኔ ጮኸች።