ኑግ ሲያብብ ወደ ዲጋ

አጎቴን ሳስብ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ የጥቅምት ቅዳሜ ነው። ዝናቡ አባርቶ ኑጉ ሲያብብ እኔንና እህቴን ይዘውን ከነቀምቴ በሚኒባስ ወደ ዲጋ ይጓዛሉ። ከተማው ሳንደርስ ግን ‹‹ወራጅ አለ!›› ይላሉ።

‹‹ኤሱማ፣ ገና እኮ ነን!›› እያልን እናጉረመርማለን። የእናታችን ወንድም ስለሆኑ በኦሮምኛው ኤሱማ ነበር የምንላቸው።

‹‹በዚህ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ያየሁት አስፋልቱን ብቻ ነው። አሁን ግራ ቀኙን ልየው›› ይሉና በእርሻው ዳር ቀስ እያሉ ይመሩናል።

መንገዱ ባስፈራባቸው ዓመታት ጉዞው ቀረ። ‹‹ሰላም ይሁን እንጂ እንሄዳለን›› እንዳሉ ባለፈው ክረምት አረፉ።

ዘንድሮ መንገዱ ሲከፈት፣ እህቴ ሩቅ ስለሆነች፣ ብቻዬን ሄጄ እሳቸው የሚወርዱበት ቦታ ላይ ወረድኩ። በእግር ስናልፍ ውሃ ያጠጡን የነበሩት እናት ከደጃቸው ሆነው አዩኝ።

‹‹አካም ጂርታ፣ ልጄ? ኦቦ ሾፌሩስ?››

‹‹ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ›› አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

‹‹ብቻሽንማ አትሄጂም›› አሉኝ። በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ እጄን ይዘው እስከ ከተማው ድረስ ሸኙኝ።