ከሥሩ የሚተኛ ይንጠልጠል

ከእማ አልጋ ሥር አንድ የበቆሎ ጆንያ ነበር። ውስጡ ግን በቆሎ የለም። ሦስት የብረት ክንፍ፣ አንድ ከባድ ሞተር፣ የዛገ ዘንግና በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ነው ያለው። ቤት በጠረግኩ ቁጥር መጥረጊያው ይነካውና ጓ ይላል። ከዓመት በላይ እንዲሁ ጓ ሲል ኖረ። ሰው የገዛ ዕቃውን ዓመት ሙሉ ሳይፈታ እንዴት ያስቀምጣል ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ጎትቼ ሳወጣው እንኳ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተሰማኝም። አቧራው ብቻ አስነጠሰኝ።

ልጅ እያለሁ ግን ይህ ጆንያ ውስጥ ያለው ነገር፣ የጣሪያ ፋኑ፣ የአንገር ጉትን ሰው ሊያየው የሚመጣ ጉድ ነበር። ጉትን የወለጋ ቆላ ነው። የእኔ እኩያ የጉትን ልጅ ያነበበው እንደሆነ ያውቀዋል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆርቆሮው በሙቀት ጧ ጧ እያለ ይቀበለናል፣ ደብተራችን በላብ ይርሳል፣ ደጁ በደረቀ የሰሊጥ አገዳና በወደቀ ማንጎ ይሸታል። ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው እንኳ ጥላውን እየተከተልን ነበር። ጥላው በዞረ ቁጥር መስመሩን እንደገና እናሰምራለን፣ በዚያው ማን የት ቤት እንደደረሰ እንጣላለን።

አባባ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ወጣት ሆኖ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው። ስሙ ሰይድ ይባላል። አንድ ዓመት ሰሊጡ ያዘለትና ነቀምቴ ወጥቶ ፋኑን በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ታናሽ ወንድሜ አህመድ ያኔ የስድስት ወር ሕፃን ነበር፤ ሙቀቱ አንገቱንና ብብቱን ሽፍ አድርጎት ሲያለቅስ ውሎ ሲያለቅስ ያድራል። አባባ ያን ልቅሶ መስማት አቃተው። እማ ደግሞ ካርቶኑ ተከፍቶ ክንፎቹን ስታይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ይሄ እኮ ቢላ ነው! ልጄን ከቢላ ሥር አላስተኛም። ከፈለግህ አንተ ተኛ» አለች። እማ አንዴ እምቢ ካለች ደግሞ አለቀ፤ ሽማግሌ ቢሰበሰብ አይመልሳትም።

መብራት ከገባ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በከተማው ባለሙያ የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ ኦቦ ገመቹ። ከወፍጮ ቤት ሞተር ጋር ሲታገሉ የኖሩ፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። መሰላሉን በትከሻቸው፣ ፒንሳውን በካልሲያቸው ሽጠው መጡ። «አካም ቡልተን» ብለው ሁላችንንም፣ ሕፃኑን ሳይቀር፣ በየተራ ከጨበጡ በኋላ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩት። ኮርኒስ ስል የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። በምላጭ ቀደዱት፣ ከላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ግንድ በመዶሻ ቆርቆር እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፣ ከዚያ ከፌሮ የታጠፈ ወፍራም ሜንጦ አሰሩበት። ፋኑ አሁን ይሰቀላል ብለን ስንጠብቅ ከመሰላሉ ወርደው እጃቸውን አራገፉና አባባን ተመለከቱት።

«ከሥሩ የሚተኛ ይንጠልጠል» አሉ።

የሥራቸው ደንብ ነው። አባ መናው፣ ማለት የቤቱ ጌታ፣ በሁለት እጁ ሜንጦውን ይዞ ተንጠልጥሎ እስከ ሠላሳ ካልተቆጠረለት በቀር ኦቦ ገመቹ ፋን አይሰቅሉም። ደንቡ ለባለሥልጣንም ለሀብታምም አይለወጥም ነበር። አባባ ግን አፈረ። በሩ ላይ ጎረቤት ተኮልኩሏል፣ በመስኮቱ የልጅ ጭንቅላት ተደርድሯል፤ እንዴት ብሎ እንደ ዝንጀሮ ይንጠልጠል? «እኔ ስልሳ ኪሎ አልሞላም፤ ኩንታሉ ይበቃል» ብሎ በቆሎ የሞላ ጆንያ አስመጣ። አራት ሰው ተጋግዞ ሰቀለው። ያዘ። አባባ ፊቱ በራ፤ ጆንያውን እንደ ሠንጋ መታ መታ አደረገው።

ኦቦ ገመቹ ወይ ፍንክች። «ጆንያ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ ፋን ይወዛወዛል። ደግሞ ጆንያው ከሥሩ አይተኛም» አሉ። ሰው ሳቀ። አባባ መሸነፉን ሲያውቅ ጆንያውን አስወረደ፣ ሽርጡን ወገቡ ላይ ጠበቅ አደረገ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ሜንጦውን ያዘ። ኦቦ ገመቹ ወንበሩን ሳብ አደረጉና በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ። ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ። የአባባ እግር አየር ላይ ሲወዛወዝ እኛ ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አልን። አፉር፣ ሸን፣ ጀአ፣ ቶርባ።

ቶርባ፣ ማለት ሰባት ላይ፣ ቋ አለ። ግንዱ ለሁለት ተሰብሮ አባባ ከነሜንጦው መሬት ወረደ፤ በላዩ ላይ አቧራ፣ የእንጨት ዱቄትና ነጭ ምስጥ ዘነበበት። የወለጋን ምስጥ የማያውቅ ሰው ይህን አያምነኝም፤ ግንዱ ከውጭ ሲያዩት ደህና፣ ሲቆረቁሩት ደህና፣ ኩንታል ሲሰቅሉበት ደህና ነበር፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የወደቀበት ቦታ ደግሞ የአህመድ አልጋ እንዲቆም የታሰበበት ቦታ ነበር። እማ ይህን ስታይ ሕፃኑን አቅፋ ወደ ውጭ ወጣች። ሳቁም ቆመ። ኦቦ ገመቹ አባባን ክንዱን ይዘው አነሱትና ከፀጉሩ ላይ ምስጡን እያራገፉ «እንኳን አንተን ጣለ» አሉት። አባባ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባው። ሲገባው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አባባን እንዲያ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገመቹ ከገዛ ግቢያቸው የቆረጡትን የዋንዛ ግንድ በአህያ ጭነው መጡ። ዋንዛን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። አሁን እንኳን አባባ ሊያፍር፣ እማ ራሷ ናት «ውጣ!» ያለችው። «ሠላሳ ሳይሞላ ብትወርድ ልጄን ይዤ ወሎ ነው የምገባው» አለች። ኦቦ ገመቹ ቁጥሩን ጎተት አድርገው ጀመሩ፤ ሃያ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። አውቀው ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። «የት ደርሼ ነበር?» ሲሉ አባባ «ኧረ በአላህ! ኧረ እጄ ተገነጠለ!» እያለ ይጮሃል። ያን ጊዜ እማ ከበሩ ላይ ሆና በኦሮምኛ፣ ከቆሙበት ተቀብላ፣ አንድም ሳትዘል እስከ ሠላሳ ቆጠረች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፋኑ ተሰቀለ፣ ማብሪያው ተጫነ፣ ክንፎቹ እየተጎተቱ ዞሩ፤ በዞሩ ቁጥር ጢቅ ይል ነበር። አህመድ አፉን ከፍቶ አያቸው። ዝም አለ። በዚያው ቀን ከሰዓት እማ ሕፃኑን ይዛ ከሥሩ ተኛች።

ከዚያ ወዲያ እኛ ልጆች አዲስ ጨዋታ አገኘን። በማንጎው ቅርንጫፍ ላይ እየተንጠለጠልን በኦሮምኛ እንቆጥራለን፤ ሠላሳ የሞላ አባ መና ይባላል። እኔ አንድም ቀን አልሞላሁም፤ ከሃያ አምስት በላይ ክንዴ አይችልም ነበር። ፋኑ በየዓመቱ ይበላሻል፣ ኦቦ ገመቹ በየዓመቱ መጥተው ኩሽኔታውን ይቀይሩለታል፣ ያ ጢቅታ ግን ሄዶ አያውቅም። እማም ስለለመደችው መብራት በጠፋ ለታ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

ከዚያ ሰው ቤቱን ጥሎ የሸሸበት ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሰውም ሲጠይቀኝ ደህና ነን እላለሁ። በለበስነው ልብስ ጉትንን ለቀን ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። በአራተኛው ወር አንድ የአይሱዙ ሾፌር ጆንያውን አመጣልን። ቤቱ ሳይፈርስ ኦቦ ገመቹ ገብተው ፋኑን ፈትተው አውርደውት ኖሯል። በሾፌሩ የላኩት ቃል «አባ መናው ሳይንጠለጠልበት እንዳትሰቅሉት» የሚል ብቻ ነበር። አባባ ያኔ ታሞ ተኝቷል። ይህን ሲሰማ ፈገግ አለና «ሲሻለኝ እኔው እንጠለጠልበታለሁ» አለ። አልተሻለውም። በስምንተኛው ወር ቀበርነው፤ ኦቦ ገመቹ መንገድ ተዘግቶባቸው አልመጡም። በቀብሩ ቀን አላለቀስኩም። ከዚያም በኋላ አላለቀስኩም። ኮፒ ቤት ሥራ አገኘሁ፣ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ ጠንካራ ነሽ ይለኛል። እኔ እንጃ።

እማ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀረች። አትተኛም፣ አታወራም፣ ያቀረብኩላትን ግማሹን ትበላለች። አህመድ አሶሳ ሾፌር ነው፤ ስልክ ሲደውል «አለሁ» ትለዋለች፣ በቃ። ባለፈው ሳምንት እሑድ ነው፣ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ከግድግዳው ጋር የምታወራ ይመስል «ያ ጢቅ ጢቅ የሚለው ቢኖር እኮ እተኛ ነበር» አለች። ጆንያውን ያኔ ነው ጎትቼ ያወጣሁት።

ነቀምቴ ላይ ፋን የሚሰቅል ባለሙያ መፈለግ መሳቂያ መሆን ነው። ከተማው ብርድ ነው። አከራያችን አዴ ጫልቱ ፈቃድ ስጠይቃቸው «በዚህ ብርድ? ቋንጣ ልታደርቁ ነው?» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ፈቀዱልኝ ግን። በመብራት ዕቃ መሸጫው የተጠቆመኝ አንዱ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። ሁለተኛው መጣ፤ ቦንሳ የሚባል ቴክኒክ ትምህርት ቤት የጨረሰ ወጣት ነው። ሞተሩን ፈታ፣ ኩሽኔታውን ቀየረ፣ ሽቦውን አደሰ። «ይሄን ጢቅታ ላጠፋልሽ እችላለሁ፣ ኦቦሌቲ» አለኝ። ኦቦሌቲ እህቴ ማለት ነው። እንዳይነካው ነገርኩት። እንደ እብድ አየኝ፤ ተወው።

ጣሪያው ላይ ሜንጦ በብሎን አስሮ ፋኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል «ቆይ» አልኩት። የኦቦ ገመቹን ደንብ ስነግረው ሳቀ። «ይሄ ብሎን እኮ መቶ ኪሎ ይችላል። ምስጥም የለም፣ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ» አለ። ልክ ነው። ቀጥሎ ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቀው፤ «ለመሆኑ አባ መናው የታለ?»

ከአልጋው በኩል መንቀሳቀስ ሰማሁና ዞር ስል እማ በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላለች፤ ፊቷ ወደ እኛ ነው።

«ከሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ፤ ግን ክንድ የለኝም» አለች። «የዚህ ቤት አባ መና ሀዋ ናት። ሀዋ ትንጠልጠል።»

ሀዋ እኔ ነኝ። ቦንሳ መሳቁን ተወና ወንበሩን አቀረበልኝ። ሻርፔን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ ወጣሁ፤ አባባ ሽርጡን እንዲህ ሲያደርግ የታየኝ ካሰርኩት በኋላ ነው። ሜንጦው ቀዝቃዛ ነበር። ወንበሩ ሲሳብ ክብደቴ በሙሉ ክንዴ ላይ አረፈ። «ቶኮ» አለች እማ። ብዙ ያልተነገረበት ድምፅ ነው፤ ሻክሯል። ለመ፣ ሰዲ። ቶርባ ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ምንም አልተሰበረም። ሃያ ላይ ሳል ያዛት፣ የእሷ የእውነት ነው፤ ተንጠልጥዬ ጠበቅኳት፤ ከቆመችበት ቀጠለች። ሃያ አምስት ላይ ጣቶቼ ሊለቁ ነበር። «ጀባዱ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ በርቺ ስትለኝ። ሠላሳ ሞላ።

አባባ የተንጠለጠለ ቀን ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔ ስንጠለጠል የሳቀ አልነበረም። ጉትን ላይ በሙቀቱ ምክንያት የገዛነውን ነገር፣ እነሆ ብርድ አገር አምጥተን ሰቀልነው። ቦንሳ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። መዳፌ ቀልቶ ይለበልበኝ ነበር፤ እየነፋሁበት እንባዬን ጠበቅኩት፣ አሁንም አልመጣም። ፋኑ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ ይዞራል። እማ ሽቅብ እያየችው ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ክፍሉ በረዶ ሆነ። ላጠፋው ተነስቼ እጄ ማብሪያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ጋቢውን ደረብኩላት፣ የአባባን ሹራብ ከሚስማሩ አውርጄ ለበስኩ፣ ከጎኗ ጋደም አልኩ።