የደፈንኩት የሸማኔ ጉድጓድ

ትእዛዙ የመጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። «ኮረብታውን ያዙ፤ እስክንተካችሁ አትልቀቁ።» ኮረብታው ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ እኛ ግን አናውቀውም። ጫፉ ላይ አንዲት ግራር ስለነበረች «ባለ ግራሩ» አልነው። ምሽግ ቆፈርን። አፈሩ ለስላሳ ነበር። ደጋ ላይ እርከን ስንጠግን ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ አፈር እንደማይታመን እናውቃለን። ነገር ግን እኔ የጋንታው ቁስል አሳሪ እንጂ አዛዥ አልነበርኩምና ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ከኋላችን ያለው መንገድ ተዘጋ። ተከበብን። ሃምሳ አለቃችን ደጉ «ከእንግዲህ ውሃ በክዳን ነው» አለን፤ በኮዳ ክዳን እየለካን ጠጣን። ቀን ፀሐይ፣ ከፀሐዩ ጋር ዝንብ። ቀና ያለ ይመታል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብለን ዋልን።

ከጎኔ የነበረው የምዕራብ ዓባያው ማርቆስ ነው። እናቱ መንገድ ዳር ሙዝ ትሸጣለች። ከፋሻና ከአዮዲን ሌላ እንደማላውቅ እያወቀ «ዶክተር» ይለኛል።

«ዶክተር፣ ከዚህ ስንወጣ ጫሞ ዳር ዓሣ ትጋብዢኛለሽ።»

«አንተም ሙዝ ይዘህ ና እንጂ።»

«የእማዬን ሙዝ? በነፃ? አታውቂያትም ማለት ነው!»

በአራተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከባድ መሣሪያ ወረደብን። ምሽጉ ተደረመሰ። ከወገቤ በታች አፈር ዋጠኝ። ማርቆስ ክንድ በማይሞላ ርቀት እስከ ደረቱ ተቀብሮ ያቃስታል። ከበላያችን የእግር ኮቴ ሰማሁ። የእኛ ሰዎች አልነበሩም።

«ማርቆስ፣ ዝም በል» አልኩት።

ዝም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለታችንም ዝም አልን። ቃሌን የሰማ መስሎኝ ነበር። ደጉ ከቀሩት ጋር ሰዎቹን ወደ ኋላ መልሶ ከአፈሩ ሲያወጣኝ ማርቆስ ቀዝቅዟል። መቼ እንደሄደ አላውቅም።

እናንተ ልጆች ስለ ግንባር ስትጠይቁኝ መስማት የምትፈልጉት ተኩሱን ነው። ተኩሱ ይህን ያህል ነበር። የረዘመው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

በጉዳት ተሰናብቼ መንደራችን ኦቾሎ፣ ታላቅ ወንድሜ ጫቦ ቤት ገባሁ። ጫቦ ሸማኔ ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እያፈራረቀ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እኔም ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ ጥጥ ስፈትል ነው ያደግሁት። በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከደጅ ስገባ ወንድሜን ከወገቡ በታች መሬት ውስጥ አየሁት። ዝም ብሏል። ብብቱ ሥር እጄን ከትቼ ጎተትኩት።

«አስቱ! ምን ሆንሽ? ድሩን በጠስሽው እኮ!»

«ተናገር! ዝም አትበል!» እለዋለሁ።

በማግስቱ ገበያ ሲወርድ አካፋ አንስቼ ጉድጓዱን ደፈንኩት። በእግሬ ጠቀጠቅሁት። ተመልሶ አየው፤ አልተቆጣም። የተረፈውን ድር ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ጎረቤት ግን አልማረኝም፤ «ጠላት ስታጣ ሸማኔ ማረከች!» ተባለ። ስድስት ሰው የሚያበላው ጉድጓድ እንደተደፈነ ከረመ። እኔ በር ሲዘጋብኝ አልተኛም፤ ሲከፈትልኝም አልወጣም።

አንድ ጠዋት ጫቦ «ተነሺ፣ አርባ ምንጭ እንወርዳለን» አለኝ።

«ምን ልናደርግ?»

«ጉድጓዱን መልሼ መቆፈር አያቅተኝም። አንቺ ከገባሽበት ካልወጣሽ ግን መልሰሽ ትደፍኚዋለሽ።»

ሆስፒታል ውስጥ ሲስተር ሄለን የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ ተቀበለችን። ክፍሏ ጠባብ ነው። በሩን ልትዘጋ ስትል ብድግ አልኩ። ወንበሯን ጎትታ በሩ እንዳይዘጋ አስደገፈችበትና እሷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

በየሐሙሱ ወረድኩ። ወሬ እንደምወድ ታውቁኛላችሁ፤ ስለ ደጉ ማንኮራፋት፣ ስለ ዝንቡ፣ ስለ ውሃው ክዳን እያወራሁ አሳቅኋት። በስድስተኛው ሐሙስ ሣቋን ገታ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አስቱ፣ እስከ አራተኛው ቀን ጠዋት ትነግሪኝና ዘለሽ ከመዳንሽ ትጀምሪያለሽ። ስንት ሰው ነው የተሰዋው?»

«አራት።»

ውሸት ነበር፤ ማርቆስን አልቆጠርኩትም።

«እኔ እኮ አሁንም አፈሩ ውስጥ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ቀስ ብለን ነው የምናወጣሽ። ወንድምሽን እንደጎተትሽው ከሆነ ድሩ ይበጠሳል።»

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። መጀመሪያ የተደፈነውን ቦታ ከበር ላይ ሆኖ ማየት። ቀጥሎ በላዩ መቆም። ከዚያ ጫቦ መልሶ ሲቆፍር አጠገቡ መቆየት። ሁለት ጊዜ የአካፋውን ድምፅ ስሰማ ሸሽቼ እርከኑ ላይ ተገኝቻለሁ። ሲስተር ሄለን «ዛሬ ምን ያህል ቆየሽ?» ትለኛለች እንጂ ለምን ሸሸሽ አትለኝም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። እኛ ዘንድ ሽመና የወንድ ነው።

«ሽማግሌዎቹ ሴት እዚህ ተቀመጠች ቢባሉ እኔን ነው የሚጠሩኝ» አለ ጫቦ። ከጎኔ ግን አልተነሣም።

አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ስለ ማርቆስ ለጫቦ ነገርኩት፤ «ዝም በል» ያልኩትንም ሳይቀር።

«ሰዎቹ ሰምተዋችሁ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ቢሰሙስ ኖሮ?»

«እሱንም አላውቅም፣ ጫቦ።»

«እሺ» አለና እጁን ዘረጋልኝ።

«ተው፣ ራሴ እወጣለሁ።» ወጣሁም።

በዚያው ወር ምዕራብ ዓባያ ሄጄ የማርቆስን እናት አገኘሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ስለ ሙዙ የተናገረውን ስነግራቸው ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «እውነቱን ነው፤ በነፃ አልሰጥም ነበር» አሉና አንድ ዘለላ ሙዝ እቅፌ ላይ አኖሩ።

ጫቦ ዛሬ እዚያው ጉድጓድ ይሠራል። እኔ አጠገቡ ጥጥ እፈትላለሁ፤ ዝም ሲል «እህ?» እለዋለሁ፤ «አለሁ» ይለኛል።

ከባለ ግራሩ ኮረብታ ያልወረዱት ከበደ፣ ኢብሳ፣ ኃይሉ፣ ሰለሞንና ማርቆስ ናቸው። አምስት። ቁጥሩን አሁን ሳልሳሳት እጠራዋለሁ። የክፍሌ በር ግን ዛሬም እንዳይዘጋ ወንበር ተደግፎበት ነው የሚያድረው።