ያልተነካች

ሰበታ ያስገቡን ቤት ድሮ የአበባ እርሻ መጋዘን ነበር። አበባ የለም፤ የተባይ መድኃኒቱ ሽታ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። የታሰርኩት ፌስቡክ ላይ በለጠፍኩት ነገር ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሲሚንቶው ላይ የተደረደረ የሴት ጫማ ነው። አንዲት ሴትዮ ፈቀቅ ብለው፣ "ነይ እዚህ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

እትዬ እላቸው ጀመርኩ። ቤታቸው ሱሉልታ ነው። እሳቸው ሲያዙ ባለቤታቸው በመኪናው ወጥቷል።

"በጫንጮ በኩል ሄዷል" ይሉ ነበር። "ያቺን መኪና ማን ይደርስባታል?"

እኔ ቡራዩ አጎቴ ጋ ያገለገለ መኪና እንደማሻሽጥ ካወቁ ወዲያ ወሬያችን እሷው ሆነች። ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀራት የጀርመን ስፖርት መኪና።

"አንድ ጭረት የላትም። ልጃችን ዳሽቦርዱ ላይ ቢራቢሮ ለጠፈችበት እንጂ።"

"ይላጥ፣ እትዬ። ዋጋ ይሰብራል።"

"እኔም ብዬው ነበር። 'መኪናዋን እሸጣለሁ እንጂ ቢራቢሮዋን አልልጥም' አለኝ።"

አንድ ጠዋት መርማሪዬ ራሱ መጣ። "ደላላዋ፣ ውጪ!" ምርመራ መስሎኝ ነበር። ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ሸራ ሲገፈፍ ቀይ መኪና ወጣች። አጠገቧ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ቆሟል።

"ኦቦ፣ ይኸው ባለሙያ አመጣሁልህ" አለው መርማሪው። ወደኔ ጠጋ ብሎ ደግሞ፣ "ያልተነካች ናት በይው፣ ዋጋዋን ቁረጪላት። ማታ ቤትሽ ነሽ።"

ያልተነካች ማለት እኛ ሥራ ላይ ያልተጋጨች፣ ቀለሟ የፋብሪካው የሆነ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ መለዋወጫ አይገኝም፣ የሚነካካት መካኒክም የለም። ስለዚህ ግማሽ ዋጋዋ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው።

አጎንብሼ በመስታወቱ አየሁ። ቢራቢሮዋ አለች።

እጄ የሚያውቀውን ቀጠለ። በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ። ደህና ላሜራ ይጮሃል። ኮፈኑ ጮኸ። ጣሪያው ጮኸ። የሾፌሩ በር ላይ ስደርስ ዱም አለብኝ። ስቱኮ ነው፣ ቀዳዳ መድፈኛው። ፈቀቅ ስል ይጮሃል፣ ደግሞ ዱም። ሦስት ቦታ፣ እያንዳንዱ የሳንቲም ያህል። ግጭት እንዲህ አይነካም። ግጭት ሰፊ ነው።

"ምን ትዳብሻታለሽ?" አለ መርማሪው። "እሷን ተያት፣ አንቺስ ያልተነካሽ ነሽ?"

ሰውዬው ሳቀ። እኔ የእናቴ በር ታየኝ። ማታ ቤትሽ ነሽ።

"ተነክታለች" አልኩ።

"የቱ ጋ?" አለ ገዢው።

"የሾፌሩ በር።"

ገዢው መርማሪውን አየው። "እሱማ ከዋጋው ላይ ይነሳል" አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዋጋ መከራከር ቀጠሉ። መርማሪው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጥበቃውን "መልሳት" አለው።

እትዬ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። "መቱሽ?"

"አልመቱኝም። መኪና አሳዩኝ።"

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም፤ የታሰርኩትም ለዚሁ ነው።

"ቢራቢሮ አላት" አልኩ።

"ተነክታለች?" አሉ።

"ተነክታለች።"

"በየት በኩል?"

"በሾፌሩ በኩል።"

በምን ብለው አልጠየቁኝም።

ጮክ ብሎ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ድምፅ ከተሰማ ሁላችንም ውሃ እንከለከላለን። እትዬ በመጠጫ ውሃቸው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ማንም ሳይጠራን ሴቶቹ አንድ በአንድ ሄደን ከበብናቸው። ከመካከላችን አንዲት ባለሱቅ ሙስሊም መዳፏን ዘርግታ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ጥበቃው በበሩ ቀዳዳ አይቶ፣ "ምንድነው እሱ?" አለ።

"ለቅሶ" አሉት እትዬ፣ በደህና ድምፅ።

ቀዳዳውን ዘጋው።

እኔም እሳቸውም ወጥተናል። ስለ ባለቤታቸው እስካሁን "ሞቷል" ያላቸው የለም፣ አስከሬንም የለም። አንዳንዴ ይደውሉልኛል፤ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል፤ መኪና አናነሳም። እኔ አሁንም ቡራዩ ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ከሁሉ በፊት የማንኳኳው የሾፌሩን በር ነው። ገዢ ሲቸኩል፣ "አንቺ፣ ምን ታዳምጫለሽ?" ይለኛል።

"ቆይ፣ ይጩህ" እለዋለሁ።